የአባቴ ወይን በሰው ግቢ

ኦቦ ኢተፋ የተቀበሩ ዕለት ትሪ ፍለጋ ጓዳቸው ባልገባ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ዕድሜዬ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሻይ ለመጠበቅ የደረሰ ነው፤ ግን ሰው ሲራወጥ እያየሁ መቀመጥ አልችልበትም። ወጣቶቹ ሴቶች ለለቀስተኛው ዳቦ የሚያዞሩበት ትሪ አንሷቸው ሲጨነቁ አየሁና "እኔ አመጣለሁ" ብዬ ተነሣሁ። ጓዳው ከዋናው ቤት በስተኋላ ነው፤ በሩ አጭር ስለሆነ አንገት ደፍተው ነው የሚገቡት። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ልቆም ስል አፍንጫዬ ቀደመኝ። ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ፣ ፍሬ ፍሬ፣ እርሾ እርሾ የሚል ሽታ ነው። በርሜል ተደግፌ ቆምኩ። ጥግ ላይ በኬሻ የተሸፈኑ ዳሚጃኖች፣ ትልልቅ ሆዳም ጠርሙሶች፣ ተደርድረዋል። ኬሻውን መግለጥ እንኳ አላስፈለገኝም። ያንን ሽታ በነቀምቴ ከተማ ከሁሉም አስቀድመው ያወቁት አባቴና ኦቦ ኢተፋ ነበሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ትሪውን ረስቼ ወጣሁ፣ ሌላ ሰው አመጣው።

የዚያን ጊዜዋ ነቀምቴ እንዲህ አልሰፋችም ነበር። የአዲስ አበባው መንገድ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ሲገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላው ይሮጣል፤ እኔ ግን ጡት ያወጣሁ ልጃገረድ ስለነበርኩ በር ላይ ቆሜ ሹፌሩን ብቻ ነበር የማየው። ዛሬ ባጃጅ የሚሰለፍበት ማዕዘን ላይ የአቶ ሸምሱ ሱቅ ነበረ። ከጎኑ ያለው ሻይ ቤት በስሙኒ ሻይም ዳቦም አብልቶ መልስ ይሰጣል። ሬድዮናቸው ክራር ያለበት የፍቅር ዘፈን ሲያሰማ እኛ የወንጌል አማኝ ልጆች መቆም ስለተከለከልን እርምጃችንን እናዘገያለን። ቀስ ብሎ መሄድን የከለከለን አልነበረም። ወንዶቹ ካኪ ይለብሱ ነበር፤ ትንሽ ደህና የሆነው ደግሞ ቴትሮን ሱሪውን ፍራሽ ሥር አስተኝቶ መስመር ያስወጣለታል። አባቴ ለእሑድ የምትሆን አንዲት ሳሪያን ኮት ነበረችው። ክርኗን የጣፍኩለት እኔ ነኝ፤ የልብስ ሰፊነት ሥራዬ የጀመረው ከዚያች ክርን ነው ብል ውሸት አይሆንም። ዛሬ የልጅ ልጆቼ የተቀደደ ሱሪ በገንዘባቸው ሲገዙ ሳይ ያቺን ኮት አስባለሁ።

አቶ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው እኛው ጋ ያረጁ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ዘቢብ ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ። ኦርቶዶክሶቹ ለስለትና ለቅዳሴ ይገዟቸዋል፤ የእኛም ሽማግሌዎች ገዝተው፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈውና ጨምቀው ለጌታ እራት ያቀርቡታል። "የከተማው ክርስቲያን ሁሉ የሚቆርበው በእኔ እጅ ነው" እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ክረምት ግን መኪናውን ጭቃ ያዘውና ዘቢቡ ቀረ፤ የጌታ እራትም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ያን እሑድ አባቴና ኦቦ ኢተፋ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ለምን ራሳችን ወይን አንተክልም የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሐሳቡ የኦቦ ኢተፋ ነው፤ ይህን አልነሣቸውም። የተከለው ግን አባቴ ነው።

አባቴ ቶለራ አናጢ ነበር፣ ኦቦ ኢተፋ የቡና ነጋዴ። በአንድ ቀን አምነው በአንድ ቀን የፋርሶ ጋናቸውን የሰበሩ ሰዎች ናቸው። ፋርሶ የእኛ አገር ጠላ ነው። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ቤት የሚጠመቅ ነገር አልታየም። እናቴ ገበያ ውስጥ የጌሾ ተራ ጋ ስትደርስ መንገድ ትቀይር ነበር፤ እኔ ጌሾ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት አግብቼ ነው። እርሻቸውን የሚሠሩት በዳዶ ነው። ዛሬ ሁለቱም የአንዱን መሬት ይሠራሉ፣ ሌላ ቀን ተራው የሌላው ነው። አሁን ጉቶ ጊዳ በሚባለው በኩል ያለችውን የአባቴን ተዳፋት እንዲሁ ተጋግዘው ድንጋይ ለቅመው እርከን ሠሩላት። ኦቦ ኢተፋ ሲቆፍሩ ይዘምራሉ። ድምፃቸው ግሩም ነበር፤ ልጅ ሆኜ እንደ ሁለተኛ አባቴ ነበር የምወዳቸው።

የወይኑ ዘር የመጣው ከጉደር በኩል ነው። አባቴ እዚያ ላለ የወይን እርሻ ሳጥንና በር ሊሠራ ሄዶ ከረመና ሲመለስ ለተከላ የሚሆን የተቆረጠ ግንድ ለምኖ፣ በእርጥብ ኬሻ ጠቅልሎ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። አኖ የምትባል ከተማ ላይ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ሻይ ሲጠጣ አባቴ ከሻይ ቤቷ ሴትዮ ለኬሻው ውኃ ለመነ። "በሽተኛ ነው የያዝከው?" አለችው። "አዎ፣ ካልጠጣ አይደርስልኝም" አላት። ሴትዮዋ አዝና ውኃውን በጣሳ ይዛ ብትመጣ የምታየው የጭራሮ እስር ሆነ። አባቴ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር፤ ኦቦ ኢተፋም ስንት ጊዜ የሰሙትን እንደ አዲስ ይስቁለታል።

የወለጋ ዝናብ ለወይን አይመችም። አባቴ ግን ቆርጦ፣ አዘግይቶ፣ በጋ ላይ እንዲያፈራ አስለመደው። የመጀመሪያው ዘለላ ሲደርስ ሀርሜ፣ እናቴን ማለቴ ነው፣ የኦቦ ኢተፋ ሚስት አዴ ሌንሴና እኔ እጃችንን እስከ ክርን ታጥበን እየዘመርን ጨመቅነው። በንጹሕ ነጠላ አጥልለን ዳሚጃን ሞላን። አባቴም አንዳች ነገር እንዳይገባበት ብሎ አፉን በጨርቅና በሰም ጥርቅም አድርጎ ዘጋውና ለጌታ እራት እስኪደርስ ጥግ አስቀመጠው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገች ሕፃን እንኳ ምን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። እኛ ግን ጋኑን ስንሰብር እውቀቱንም አብረን ሰብረነዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ሰምተን ስንሮጥ ውታፉ ጣሪያ መትቶ ወድቋል፣ ዳሚጃኑ አረፋ ይተፋል። አባቴ ምን አደረገ መሰላችሁ? አረፋውን ጠረገና፣ አልጠበቀም ይሆናል ብሎ በወፍራም ጨርቅ ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ ከፈነዳ በኋላ ሰልችቶት ክፍቱን ትቶ ሸማ ጣል አደረገበት።

ያ ነው እንግዲህ ለጌታ እራት የቀረበው። ትንንሾቹ ብርጭቆዎች የሚደረደሩበትን ባለ ቀዳዳ የእንጨት ትሪ የሠራው አባቴ ነው፤ ዋንዛ ነው፣ እጀታው የተጠረበ። ያን እሑድ በትሪው ያለው ሲዞር ሴቶቹ ሳል ሳል አላቸው፣ ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመዝጊያው መዝሙር እንደዚያን ቀን ጮክ ብሎ ተዘምሮ አያውቅም። ከአርጆ የመጡ አንድ ሽማግሌ በር ላይ አባቴን አቅፈው "እንደ ዛሬ ሞቆኝ አያውቅም" አሉት። አባቴ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደውም።

የገባቸው ኦቦ ኢተፋ ብቻ ናቸው። ከማመናቸው በፊት የጠጅ ወዳጅ ነበሩ፤ ምላስ ደግሞ አይረሳም። በማግስቱ ወደ አባቴ አናጢ ቤት መጥተው ከግርጌ የተረፈውን ቀመሱ። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክል ነበር።

"ያ ቶለራ፣ አንተ፣ ይህ እኮ የወይን ጠጅ ሆኗል" አሉት።

አባቴ ደንግጦ ሊደፋው ተነሣ። እጁን ያዙት።

"ለማኅበሩ የሚሆነውን ከዛሬ ጀምሮ ወዲያው አፍላው፣ እሳት ሲያገኝ አያሰክርም። ይቺን ግን ተዋት፣ ማሎ፣ እባክህ። ሆዴን ያመኛል። ጳውሎስስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ መክሮት የለም?"

አባቴ ጳውሎስን የሚከራከር ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ጭማቂ ይፈላል፤ አንድ ዳሚጃን ደግሞ ሳይፈላ ከጣውላው ክምር ሥር በፍቅፋቂ ተሸፍኖ ይቀመጣል። አመሻሽ ላይ ኦቦ ኢተፋ ይመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ አንዳንድ ብርጭቆ። ብርጭቆዎቹ እናቴ ከአቶ ሸምሱ ሱቅ የገዛቻቸው፣ አፋቸው ላይ ቀጭን የወርቅ መስመር ያለባቸው የሻይ ብርጭቆዎች ናቸው፤ ሁለቱን አባቴ አናጢ ቤት ወስዷቸዋል። ሁለት ብርጭቆ የጠጡበት ቀን አላየሁም። ጠጥተው ስለ ቡና፣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሞተ በሬያቸው ያወራሉ። አባቴ ወንድም አልነበረውም፤ እነዚያ ምሽቶች ወንድም ሰጡት። "ኦቦሌሳ" ነበር የሚላቸው፣ ወንድሜ ማለት ነው፣ ወንድሜ ሲል ደግሞ ከልቡ ነው።

ከዚያ የጸሎት ቤቱ ማኅበር ሰብሳቢ ምርጫ መጣ። ኦቦ ኢተፋ እንደሚመረጡ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። በዚያው ሰሞን በር ሊያሠራ የመጣ አንድ ሰው ከቶለራ አናጢ ቤት የመጠጥ ሽታ ሸተተኝ ብሎ ለሽማግሌዎቹ አወራ። ኦቦ ኢተፋ መጥተው አባቴን ቢያስጠነቅቁት፣ ወይም ዝም ቢሉ፣ ወይም ሁለታችንም አጥፍተናል ቢሉ ኖሮ የእኛ ቤት ሌላ ቤት ይሆን ነበር። እሳቸው ቀድመው "ነገሩን እኔ አጣራለሁ" አሉና ሁለት ሰው ይዘው መጡ። አባቴ ገበያ ሄዷል። የጣውላውን ክምር ዙሪያ አልፈለጉም፣ ወለሉን አላዩም፤ ቀጥ ብለው ሄደው ፍቅፋቂውን በእግራቸው ገለጡት። እኔና ሀርሜ በር ላይ ቆመን አየን። ሀርሜ "ኦቦ ኢተፋ" አለች። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ጎንበስ ብለው ቆዩና ዳሚጃኑን አስይዘው ወጡ።

እሑድ ከስብከቱ በኋላ ማኅበሩ እንዲቆይ ተባለ። ጠረጴዛው ላይ ዳሚጃኑና አንድ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጠዋል። አባቴ ዳሚጃኑን አላየም፤ ያቺን አንዲት ብርጭቆ ግን ብዙ ጊዜ አያት።

"ኦቦ ቶለራ፣ ይህ ምንድን ነው?" አሉ ኦቦ ኢተፋ።

"የወይን ጠጅ ነው።"

"ትጠጣለህ?"

"እጠጣለሁ።"

የአርጆው ሽማግሌ ተነሥተው "ብቻህን ነው የምትጠጣው ወይስ ከሰው ጋር?" ብለው ጠየቁት።

አባቴ ኦቦ ኢተፋን አየ። ኦቦ ኢተፋ የመዝሙር መጽሐፍ ይገልጡ ነበር። ሀርሜ ጉልበቴን ጨመቀችው። አባቴ ጠበቀ፣ ጠበቀና "ቤቴ የተገኘው የእኔ ነው" አለ።

ከጌታ እራት ታገደ። ወይኑም ይነቀል ተባለ፤ ለነቀላው ሰው ይዘው የመጡት አዲሱ ሰብሳቢ ኦቦ ኢተፋ ራሳቸው ናቸው። አብረው እየዘመሩ የቆፈሩትን እርከን በገጀራ ገቡበት፤ ያን ቀን ግን አልዘመሩም። የተቆረጠው ሐረግ ታስሮ ሊቃጠል ተብሎ በአህያ ሄደ። አባቴ ቤት ተቀምጦ በሥራ የሻከረ መዳፉን ያይ ነበር። ማታ ሀርሜ "ለምን ስሙን አልጠራህም?" አለችው። "ራሱ ይናገራል ብዬ ነው። እጠብቀዋለሁ" አላት። ሀርሜ ሌላው ብርጭቆ ጠፍቶባት ደግሞ እኔን ያዘችኝ፤ ሰብሬ የደበቅሁ መስሏት ነበር። ብምልም አላመነችኝም። እስክትሞት ድረስ እንግዳ በመጣና ብርጭቆዎቹ በወጡ ቁጥር ወደ እኔ ዘወር ትላለች።

አባቴ ጸሎት ቤት መሄዱን አልተወም። የኋለኛው ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ትሪው ሲዞር፣ ያቺ በገዛ እጁ የጠረባት የዋንዛ ትሪ፣ ተሸካሚው ኦቦ ኢተፋ ናቸው፤ አባቴ ጋ ሲደርሱ ከፍ አድርገው ያሳልፉታል። በሰርጌ ቀንም እንዲሁ አለፈው። "ብቻዬን በድያለሁ" ብሎ በማኅበሩ ፊት ይናገርና ይመለስ ተብሎ ብዙ ጊዜ ተለምኗል። በድያለሁ ማለቱን ይላል፤ "ብቻዬን" የምትለዋን ግን አይልም። ምክንያቱን የጠየቀው የለም። ንጉሡ ወረዱ፣ ሌላ መንግሥት መጣ፣ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ ተከፈቱም፤ አባቴ ያው እየጠበቀ ነበር። ሲሞት ኦቦ ኢተፋ መቃብሩ ላይ ጸለዩ። ጸሎታቸው ያማረ ነበር፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ከጓዳ ወጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ ወጣቱ ፓስተር የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመረ። ጥሩ ልጅ ነው፤ የክርስትና ትምህርቱን ሲማር ሱሪውን እኔ ነበርኩ የማሳጥርለት። ተወለዱ፣ አመኑ፣ ነገዱ፣ ማኅበሩን መሩ እያለ መጣና "ለጌታ እራት የሚሆን ወይን በነቀምቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሉ አባት ነበሩ" ሲል ሰማሁት። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ካነበበ በኋላ ስለ ሟቹ ቃል ያለው ካለ ሲባል፣ ጉልበቴ እያመመኝ ተነሣሁ።

"ወይኑን የተከለው አባቴ ነው" አልኩ። "ቶለራ አናጢው። ከጉደር በኬሻ ጠቅልሎ ያመጣው እሱ ነው።"

ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። ሌላም ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ፓስተሩ ግን በፈገግታ "አሜን፣ እማማ ጫልቱ። አብረው ነው የተከሉት፣ ሁለቱም አባቶቻችን ናቸው" አለና መዝሙር አስጀመረ። ሕዝቡ ዘመረ። ነገሬን ምስጋና አደረጉትና አለፉት። ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ንዴት በዚህ ዕድሜዬ የሚይዘኝ አልመሰለኝም ነበር።

ሚስታቸው አዴ ሌንሴ ግን ሰምታኛለች። ሰው ሲቀንስ አስጠርታኝ፣ ክንዴን ይዛ፣ በጓዳው በኩል ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ሐረጉ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ የጓሮውን ሰማይ ሸፍኖታል፤ ግንዱ የሰው ጭን ያህል ወፍሯል።

"ከሚቃጠለው እስር ላይ ደብቆ ያስቀረው ነው" አለችኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።" ወደ ጓዳው መልሳኝ ከመቀነቷ ቁልፍ ፈትታ ሳጥን ከፈተች። ከጨርቅ ውስጥ የወጣው አፉ ላይ የወርቅ መስመር ያለበት የሻይ ብርጭቆ ነው።

"ከአባትሽ ቤት ያን ቀን ኪሱ አድርጎት መጣ። ሁለት ብርጭቆ ቢገኝ ሁለት ሰው ይጠየቅ ነበር" አለች፤ አንገቷን ደፋች። "በየዓመቱ ወይኑ ሲደርስ ለራሱ በሌላ ብርጭቆ ይቀዳል፣ በዚህ ደግሞ ለቶለራ ብሎ ይቀዳል። ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ብቻውን ያለቅሳል። ይወደው ነበር፣ ጫልቱ። ዱጋዳ፣ እውነቴን ነው።"

"ቤታችን እኮ ያውና፣ ከጓሮው ይታያል" አልኳት።

"ይፈራ ነበር።"

"አዴ ሌንሴ፣ አባቴ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እያለ ነው ያረጀው። የሚቀዳለት ብርጭቆ እዚህ አልነበረም፤ ትሪው ላይ ነበር።"

ብርጭቆውን ወይን ሞልታ ልትሰጠኝ ዳሚጃኑን ጎተተች፤ ባዶውን ነው የምፈልገው ብዬ ተቀበልኳት። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬው በዋናው በር ወጣሁ። ፓስተሩ በር ላይ "እግዚአብሔር ያጽናናዎት፣ እንደ አባት ነበሩልዎት አይደል?" አለኝ። ነበሩ አልኩት፣ እውነት ስለሆነ።

ቤቴ ገብቼ ብርጭቆውን አጠብኩና ከእናቴ ብርጭቆዎች ከተረፉት ጎን አስቀመጥኩት። አንድም ጭረት የለበትም። ሀርሜ ብትኖር ወስጄ አሳያት ነበር፤ የሰበርኩት እኔ እንዳልሆንኩ ሳታውቅ ሞተች።